በጎመኑ በርሜል ላይ

በዓይኔ አላየሁም፤ እውነቱን ልናገር፣
ምድጃው ጥግ ሆኜ እንቅልፍ ይዞኝ ነበር።
ያየው መስታወት ነው፣ ከጣራው ላይ ቆሞ፣
አንድ ዓይኑን ሳይከድን፣ ሰማይን ተሸክሞ።

ሥራዬ ይኸው ነው፤ ሲመሽ ሰሌዳውን ካሜራው ውስጥ እከተዋለሁ፣
ሲነጋጋ አውጥቼ በቀይ መብራት አጥበዋለሁ።
በዚች የቦሄሚያ ኮረብታ ባሌ ካረፈ ዘጠኝ በረዶ ሆነው፤
ዘጠኝ በረዶ ሙሉ የማጥበው ጨለማ ነው።

የሚያዝያ ዓርብ ለት ግን፣ ከፈሳሹ ሥር፣
ብቅ አለ ቀስ በቀስ አንድ ጥቁር ክር፤
ኔጋቲቭ ላይኮ እሳት ጥቁር ነው፣
ሌሊቱ ነው የነጣው።

ክሩም ተቆራርጧል፦ ጥልፍ፣ ባዶ፣ ጥልፍ፣ ባዶ፤
ከሌንሱ ፊት የሚሽከረከር ክንፍ ብርሃኑን ጋርዶ፣
በሰከንድ ሃምሳ ጊዜ። መቁረጡ ለክፋት አይደለም፤
ያለዚያ ባዶ ፍጥነቱን የሚያውቅ የለም።
ጥልፉ ሲረዝም ጋልቧል፣ ሲያጥር ደግሞ ደክሟል፤
አንድ መቶ ሠላሳ ቆጠርኩ። ከዚያ ከስሟል።

አንድ ዓይን ግን ወዴት እንጂ ስንት ርቀት አያውቅም፤
አጠገቡ ያለች ዝንብን ከማዶ አሞራ አይለይም።
ቦሁሚር ጋ ደወልኩ፤ አርባ ኪሎ ሜትር ከወንዙ ባሻገር
የእሱም ካሜራ አለ። ሰውዬው አይወድም ነገር።
«ዓርብ ሌሊት፣ ተወርዋሪ ኮከብ አለህ ወይ?» አልኩት።
«አለኝ» አለ። ዘጋው።

በእኔ ሰሌዳ በአንበሳው ጀርባ፣ በእሱ በሚዛኑ ጥግ ሮጧል፤
አንድ እሳት ሁለት ሰማይ ላይ ሁለት መንገድ አውጥቷል።
ባለመስማማታችን ታወቀ
ከየት መጥቶ የት እንደወደቀ።

ወጣቷ ዶብሮሚላ የሒሳብ ማሽኑን እጀታ ስታዞር ሰነበተች፣
ነፋሱን ደመረች፣ ቀነሰች፣
ካርታው ላይ በእርሳስ አንድ እንቁላል ሣለች፤
«እዚህ ውስጥ ነው» አለች።

እንቁላሉ የኦታካር ማሳ ሆነ፣ ድንች የተዘራበት።
ሦስት ሳምንት ዘግይተን፣ በቦት ጫማ፣ ተሰልፈን ሄድንበት።
ያገኘነው፦ የፈረስ ጫማ፣ የዛገ የወታደር ቁር፤
ኦታካር ይስቅብናል ተደግፎ አጥር።
«ድንጋይ ፍለጋ? ከእኔ ማሳ? ሠላሳ ዓመት ለቅሜ ያልጨረስኩትን!
ውሰዱ፣ ሁሉንም ውሰዱልኝ፣ እባካችሁን።»

በሦስተኛው ቀን ዝናብ ጣለ። ሚስቱ ብላዤና ጠራችን፣
«የኮመጠጠ ጎመን ቅመሱ» ብላ ምድር ቤት አወረደችን።
በበርሜሉ ክዳን ላይ፣ ጎመኑን ተጭኖ፣
አንድ ድንጋይ ተቀምጧል፣ ቅርፊቱ እንደ ተቃጠለ ዳቦ ጥቁር ሆኖ።
«አሮጌው ተሰብሮብኝ ይኼን ከደጅ አነሣሁት፤
ለቁመቱ ከባድ ነው፣ ለጎመን ወደድኩት።»

ኦታካር ሳቁን ዋጠ።
ዶብሮሚላ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልለየሁም።
ከማርስ ወዲያ ሲዞር የኖረ፣ ማን ያውቃል ስንት ዘመን፣
ሦስት ሳምንት የተጫነው ጎመን!

«ጎመኔስ?» አለች ብላዤና፣ በጨርቅ ጠቅልለን ስንወጣ።
በሳምንቱ ከወንዝ አንድ ድንጋይ ተሸክሜ ሄድኩላት፣ ለጎመኗ ምትክ እንዳታጣ።
መዘነችው በእጇ። «ይቀላል» አለችኝ።

አሁን ድንጋዩ ከተማ ነው፤ በመጋዝ ተከፍሏል፣ ቁጥር ተጽፎበታል።
እኔ ሰሌዳ እከታለሁ፣ አወጣለሁ፤ ጨለማው እንደ ድሮው ይታጠባል።
ቤቴ ግድግዳ ላይ አንድ ፎቶ አለኝ፦ ባሌ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ፣
ወደ ግራ ዞሮ፣ ከእኔ ጀርባ ያለ ነገር አይቶ።
አንድ ብቻ ናት።
ወዴት እንደሚያይ አውቃለሁ፤ ርቀቱን ግን አላወቅኩላት።

ቦሁሚር አብሮት ሠርቷል፣ በወጣትነታቸው።
ትናንት ማታ፣ ሾርባዬ ሲቀዘቅዝ፣ ስልኩን አነሣሁ፣ ሁለቱን ሳስባቸው።
«የእሱ ፎቶ» አልኩት፣ «ከሌላ ቦታ ሆኖ የተነሣው...»

መስመሩ ውስጥ ዝምታ። ጥልፍ የሌለበት ባዶ።
ቆጠርኩት።

«አለኝ» አለ።